ከጨረሩ በኋላ፦ የምሥራቅ አፍሪካ የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና የዘነጋው ምዕራፍ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 መጀመሪያ፣ በካምፓላው ሙላጎ ሆስፒታል የነበረው የኡጋንዳ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማሽን ሥራ አቆመ። በ1995 ከቻይና በስጦታ የተገኘው ይህ የኮባልት ማሽን ዳግም ሊጠገን አልቻለም። ጉዳዩ የዓለም ዜና ሆነ። የተወሰኑ ሕመምተኞች ለሕክምና ወደ ናይሮቢ እንዲላኩ ዝግጅት ተደረገ፤ አቅም የሌላቸው ብዙዎች ግን ባሉበት ቀሩ። በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ የተተከለው አዲሱ ማሽን ተመርቆ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ገጽታ ብዙ ተለውጧል። ሩዋንዳ በ2019 በኪጋሊው ወታደራዊ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና ጀምራለች። ኬንያ አገልግሎቱን ከናይሮቢ አውጥታ ወደ ናኩሩና ጋሪሳ አስፍታለች። በታንዛኒያ፣ ከዳሬ ሰላሙ ኦሽን ሮድ የካንሰር ተቋም በተጨማሪ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ በምዋንዛ የሚገኘው ቡጋንዶ ሆስፒታል ሕክምናውን ይሰጣል። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ኢትዮጵያም ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ተወስኖ የቆየውን አገልግሎት ወደ ጅማና ወደ ሐረር አድርሳለች። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው በ2022 በአዲስ አበባ ይፋ ያደረገው «የተስፋ ጨረሮች» የተሰኘ መርኃ ግብር፣ ከሃያ በላይ በሆኑ የአፍሪካ አገሮች የጨረር ሕክምና ጨርሶ እንደሌለ በማሳሰብ ተጨማሪ ማሽኖች እንዲተከሉ እየሠራ ነው።

በእነዚህ ዜናዎች ውስጥ የሚቆጠረው ማሽኑ ነው። ስንት ተተከለ፣ ስንት ተበላሸ፣ ስንት ሰው ተራ ይጠብቃል የሚለው ይነገራል። ሕክምናውን ጨርሶ፣ ካንሰሩ ጠፍቶለት ወደ ቀዬው የተመለሰው ሰው ግን ከቁጥሩ ይወጣል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ሽንቱን መያዝ አቅቶት፣ ወይም ሽንቱ አልወጣ ብሎት፣ ወይም ደም ታይቶበት ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ የሚቀበለው ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሕመሙን ምንጭ አያውቅም። የጨረር ሕክምና በተስፋፋ መጠን ይህ ሰው እየበዛ ይሄዳል። ሊረዱት የሚችሉት ሕክምናዎች አብዛኞቹ ሰፊ ቀዶ ጥገና የማይጠይቁ ሲሆኑ፣ ጥቂት የማይባሉትም በአካባቢው ሆስፒታሎች አቅም ውስጥ ያሉ ናቸው።

ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት

የፕሮስቴት ካንሰር ወደፊት ምን ያህል እንደሚስፋፋ በሚያዝያ 2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ትንበያ ያሳያል። በ2020 በዓለም ዙሪያ 1.4 ሚሊዮን የነበረው የአዲስ ታማሚዎች ቁጥር በ2040 ወደ 2.9 ሚሊዮን ከፍ ይላል። ሞትም በተመሳሳይ ጊዜ ከ375 ሺሕ ወደ 700 ሺሕ ገደማ ይጠጋል። ጭማሪው በይበልጥ የሚጫነው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ያላቸውን አገሮች ነው። ምክንያቱ ሰዎች ዕድሜያቸው መርዘሙ ነው። ዕድሜ ሲረዝም በሽታው ይበዛል፤ ከበሽታው ተርፎ ከሕክምናው መዘዝ ጋር የሚኖረውም ሰው እንዲሁ።

ፕሮስቴት ዕጢ የምትገኘው በጠባብ ስፍራ ነው። ከላይዋ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላዋ የደንዳኔ የመጨረሻ ክፍል ያዋስናታል፤ የሽንት ቧንቧው ደግሞ በመካከሏ ያልፋል። የካንሰር ሕዋሳትን ለመግደል የሚላከው ጨረር እነዚህን ጎረቤቶቿን ሙሉ በሙሉ ሳይነካ ማለፍ አይችልም። ሕክምናው በሚሰጥባቸው ሳምንታትና በተከታዮቹ ጥቂት ወራት የሚታየው ማቃጠል፣ የሽንት መመላለስና ተቅማጥ በአብዛኛው በራሱ ይሽራል። ሐኪሞች የሚፈሩት ከስድስት ወር በኋላ፣ አንዳንዴም ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የሚመጣውን ነው።

ይህ ዘግይቶ የሚመጣ ጉዳት ከተለመደው የፕሮስቴት መቆጣት የተለየ ጠባይ አለው። ጨረሩ ሕብረ ሕዋሳትን የሚመግቡትን ደቃቅ የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፣ ቀስ በቀስም ይዘጋቸዋል። ደም በደንብ የማይደርሰው ሥጋ ኦክስጅን ያንሰዋል፤ ይደርቃል፣ ይጠነክራል፣ ጠባሳ ይሠራል። ሥር የሰደደው መቆጣት ከዚህ ይነሣል። ሰውየው በብልቱና በፊንጢጣው መካከል ሕመም ይሰማዋል፤ ሽንቱ ይቃጥለዋል፣ ይቆራረጥበታል፣ ሌሊት ደጋግሞ ያስነሣዋል። ጠባሳው የሽንት ቧንቧውን ካጠበበው ጭራሽ ሊዘጋበት ይችላል። ፊኛውና ደንዳኔው ላይ የሚያድጉት ስስ የደም ሥሮች ደግሞ በቀላሉ ይደማሉ።

ሁሉም ታካሚ ይህ ይደርስበታል ማለት አይደለም። ብዙዎች ከቀላል ለውጥ በቀር ጤናማ ሕይወት ይኖራሉ። የጨረሩን ቅርጽ ከዕጢዋ ጋር የሚያስተካክሉት ዘመናዊ ማሽኖችም ጉዳቱን ከቀድሞው በእጅጉ ቀንሰውታል። ነገር ግን ብዙ ሺሕ ሰዎች በሚታከሙበት አካባቢ ጥቂት መቶኛ የሚባለውም ብዙ ቤተሰብ ነው።

ስለት የሚያባብሰው ቁስል

ሽንት የዘጋ ፕሮስቴትን በቀዶ ጥገና መክፈት በአካባቢው ሆስፒታሎች የተለመደ ሥራ ነው። በጨረር የተመታ ሥጋ ግን እንደ ጤነኛ ሥጋ አይሽርም። ደም ስለማያገኝ የተቆረጠው ቶሎ አይገጥምም፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሊፈስስ፣ ሊበሳም ይችላል። ፕሮስቴትን ከውስጥ የመላግ ሕክምና እንኳ ጨረር ባገኘው ሰው ላይ ሲሠራ ሽንትን መቆጣጠር የማቃት አደጋው ከፍ ይላል።

ይበልጥ የሚያሳስበው በቅን ልቦና የሚፈጸም ስሕተት ነው። አንድ ሰው ከጨረር ሕክምና በኋላ በፊንጢጣው ደም ሲፈስሰው፣ የሚመረምረው ባለሙያ ካንሰር ነው ብሎ ከደንዳኔው የፊት ግድግዳ ናሙና ሊቆርጥ ይችላል። ያ ትንሽ ቁስል አልሽር ብሎ በደንዳኔውና በሽንት ቧንቧው መካከል ቀዳዳ ሊከፍት ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ፊስቱላ የሚለው ቃል ከወሊድ ጉዳት ጋር ተያይዞ ይታወቃል፤ እነሆ በወንዶችም ላይ ሊደርስ የሚችል፣ ሆኖም በጥንቃቄ ሊወገድ የሚችል አደጋ ነው።

ሰውነትን በሰፊው የማይቀድ ሕክምና እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ለምቾት ወይም ለዘመናዊነት ብሎ አይደለም። ቁስሉ ራሱ ሰፊ ስለት አይችልም። በሀብታሞቹ አገሮች ሆስፒታሎች ሰፊ ቀዶ ጥገና ለመጨረሻ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ምክንያቱ በናይሮቢም፣ በአዲስ አበባም፣ በዳሬ ሰላምም አይለወጥም።

መጀመሪያ ሌላውን ማጣራት

ከጨረር በኋላ የመጣ የሽንት ሕመም ሁሉ የጨረር ጉዳት አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ደግሞ ሊሆኑ የሚችሉት ምክንያቶች ከሌላው ዓለም ይበዛሉ። በታንዛኒያና በኬንያ ጠረፍ፣ በዛንዚባር፣ በሱዳን የገዚራ መስኖ እርሻዎች፣ በኢትዮጵያም በአዋሽ ሸለቆ የሚገኘው የሽንት ፊኛ ቢልሃርዚያ ዋና ምልክቱ ደም የቀላቀለ ሽንት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ ኩላሊትንና የሽንት መስመርን ሊይዝ ይችላል። ተራ የባክቴሪያ ልክፈትም አለ። ከሁሉም በላይ ካንሰሩ ተመልሶ እንደሆነ መጣራት ይኖርበታል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ምርመራ አብዛኛው ውድ አይደለም። የሽንት ምርመራና የባክቴሪያ ልየታ፣ የቢልሃርዚያ ዕንቁላል በማይክሮስኮፕ መፈለግ፣ በአልትራሳውንድ ፊኛው ውስጥ የሚቀረውን ሽንት መለካት፣ በደም ውስጥ ፒኤስኤ የተባለውን ንጥረ ነገር መከታተል ናቸው። ፒኤስኤ ከጨረር ሕክምና በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ካንሰሩ ሳይመለስም ለጊዜው ከፍ ብሎ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ታካሚውን በከንቱ ሊያስደነግጠው፣ አለፍ ሲልም ወደማያስፈልግ ሕክምና ሊመራው ይችላል።

በተግባር የሚታየው ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ነው። ሰውየው ሽንቱ እንደሚያቃጥለው ሲናገር ሳይመረመር ፀረ ተህዋስያን ይሰጠዋል። ለጥቂት ቀናት የተሻለው መስሎት ይቆያል፤ ሲመለስበት ያንኑ መድኃኒት በራሱ ከፋርማሲ ይገዛል። ልክፈት በሌለበት የሚወሰደው ሲፕሮፍሎክሳሲን የጨረሩን ጉዳት አይነካውም፤ ይልቁንም መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን ያበራክታል፤ እውነተኛ ልክፈት በመጣ ቀን መድኃኒቱ እንዳይሠራ ያደርጋል።

ከክኒን እስከ ቀጭን ቱቦ

ሌሎቹ ምክንያቶች ከተጣሩ በኋላ ሕክምናው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። የመጀመሪያው ደረጃ ማንኛውም አጠቃላይ ሆስፒታል ሊሰጠው የሚችል ነው። የፕሮስቴትንና የፊኛን አንገት ጡንቻ የሚያላሉ እንደ ታምሱሎሲን ያሉ ክኒኖች፣ ለተወሰነ ጊዜ የሚወሰዱ የሕመምና የመቆጣት ማስታገሻዎች፣ ሽንት የሚቆጣጠሩትን ጡንቻዎች የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይገኙበታል። የአኗኗር ለውጥም ድርሻ አለው። ቡና ፊኛን ያነቃቃል፤ አቦል፣ ቶናና በረካ በሚጠጣበት ቤት ይህ ቀላል ምክር አይደለም፤ ቢሆንም መጠኑን መቀነስ የሚረዳቸው ሕመምተኞች አሉ። ሽንት እንዳይመላለስባቸው ብለው ውኃ የሚተዉ ሰዎች ደግሞ ሽንታቸው እየጠነከረ ማቃጠሉን ያባብሱታል።

ሁለተኛው ደረጃ በተፈጥሮ በር የሚገባው ነው። ዩሮሎጂስቱ ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለበትን ቀጭን መመልከቻ በሽንት ቧንቧ አስገብቶ የጠበበውን ቦታ ያያል። በቀስታ ያሰፋዋል፣ ወይም ጠባሳውን በውስጥ በኩል በጥቂቱ ይከፍተዋል። የሚደሙትን ደቃቅ የደም ሥሮች እዚያው በሙቀት ወይም በሌዘር ይዘጋል። ደንዳኔው ሲደማ ደግሞ በኢንዶስኮፕ በኩል አርጎን የተባለውን ጋዝ ከኤሌክትሪክ ጋር በመጠቀም ሥጋውን በጥልቀት ሳይጎዱ የደም ሥሩን ማድረቅ ይቻላል። ቀላል ለሆነው መድማት ሱክራልፌት የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት በውኃ በጥብጦ በፊንጢጣ መስጠትም ይሠራበታል። እነዚህ ሕክምናዎች ሁሉ ያለ ረጅም የሆስፒታል ቆይታ ሊከናወኑ ይችላሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጊዜ እየጠበቁ መደገም ይኖርባቸዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ተጨማሪ መሣሪያ የሚጠይቀው ነው። በግፊት ክፍል ውስጥ ንጹሕ ኦክስጅን መተንፈስ፣ የኦክስጅን እጥረት ያለበትን ሥጋ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲያበቅል ሊያደርግ ይችላል። በአምስት የኖርዲክ ሆስፒታሎች የተካሄደውና በ2019 የታተመው ሪች-አርት የተሰኘ ጥናት፣ ከ30 እስከ 40 ጊዜ ይህን ሕክምና ያገኙ በጨረር ፊኛቸው የተጎዳ ሰዎች የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት የበለጠ እንደተሻላቸው አሳይቷል። ይሁንና በብሪታኒያ በ2016 የታተመው ሆት-2 የተባለ ጥናት፣ ለደንዳኔ ችግር ያው ሕክምና ከማስመሰያው የተለየ ጥቅም እንዳላሳየ ደምድሟል። ሕክምናው ለአንዱ አካል እንደ ረዳ ለሌላውም ይረዳል ማለት አይቻልም።

ወደ ፕሮስቴት የሚሄደውን የደም ሥር በቀጭን ቱቦ ደርሶ በደቃቅ ቅንጣቶች መዝጋትም በዕድሜ ምክንያት ላደገ ፕሮስቴት በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ሆኗል። ከጨረር በኋላ ለሚመጣ መቆጣትና መድማት ያለው ማስረጃ ግን ገና በጥቂት ታካሚዎች ላይ የተመሠረተ ነው። «አዲስ»፣ «ያለ ቀዶ ጥገና» የሚሉ ማስታወቂያዎች ወደ ሕንድ፣ ወደ ቱርክ ወይም ወደ ገልፍ አገሮች ለሚጓዙ ሕመምተኞች በሚቀርቡበት ጊዜ፣ በማስረጃ የጸናውን ገና በሙከራ ካለው መለየት የቤተሰብን ጥሪት ከከንቱ ወጪ ያድናል።

ባለሙያው አለ፣ መገናኛው የለም

አካባቢው ባዶ እጁን አይደለም። ሞሺ የሚገኘው ኬሲኤምሲ ሆስፒታል ለረጅም ዓመታት ዩሮሎጂስቶችን ሲያሠለጥን ኖሯል። ዋና መቀመጫውን አሩሻ ያደረገው የምሥራቅ፣ መካከለኛውና ደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በብዙ አገሮች በዚሁ ሙያ ያስመርቃል። በዳሬ ሰላም የሙሂምቢሊ ዩኒቨርሲቲ ከአሜሪካ ባለሙያዎች ጋር በመተባበር በ2019 የጀመረው ሥልጠና፣ በደም ሥር በሚገባ ቱቦ የሚያክሙ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማፍራት ጀምሯል። ኢንዶስኮፒም ለጨጓራና ለጉበት ሕመምተኞች ሲባል በትልልቅ ሆስፒታሎች ገብቷል።

የጎደለው እነዚህን ከጨረር ሕክምናው ጋር የሚያገናኝ መንገድ ነው። የካንሰር ሐኪሙ በአንድ ግቢ፣ ዩሮሎጂስቱ በሌላ፣ ኢንዶስኮፒው በሦስተኛ ይገኛል። ታካሚው ሕክምናውን ሲጨርስ ለክትትል ይቀጠራል፤ ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት የመጣ ሰው ግን የአውቶቡስና የማደሪያ ወጪ ችሎ፣ ካንሰሩ ጠፍቷል ከተባለ በኋላ በየስድስት ወሩ መመለስ ይከብደዋል። ክፍያውም አለ። ኡጋንዳ ብሔራዊ የጤና መድን የላትም። መድኅኑ ባለባቸው አገሮችም የካንሰር ሽፋኑ ጣሪያ ስላለው ዋናው ሕክምና አብዛኛውን ሊጨርሰው ይችላል። ኬንያ በጥቅምት 2024 አዲሱን የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ሥራ ካስጀመረች በኋላ የካንሰር ሕመምተኞች ስለ ሽፋኑ ማነስ በተደጋጋሚ ቅሬታ አሰምተዋል።

ክትትሉን ይበልጥ አስፈላጊ የሚያደርገው ራሱ የሕክምናው እድገት ነው። ቀድሞ ለስምንት ሳምንታት ያህል በየቀኑ ይሰጥ የነበረው ጨረር እያጠረ መጥቷል። በ2016 የታተመው የብሪታኒያው ቺፕ ጥናት 37 ጊዜ ይሰጥ የነበረውን በ20 ጊዜ መተካት እንደሚቻል አረጋገጠ። በ2024 የታተመው ፔስ-ቢ ደግሞ ካንሰሩ ባልተሠራጨባቸው የተወሰኑ ታካሚዎች ላይ አምስት ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ካንሰሩን በመቆጣጠር ከረጅሙ እንደማያንስ አሳየ። ማሽን በጎደለበትና መንገድ በረዘመበት አካባቢ ይህ ታላቅ ዜና ነው፤ በአንድ ማሽን ብዙ ሰው ይታከማል፤ ገበሬው ከእርሻው፣ ነጋዴው ከሱቁ የሚርቅበት ጊዜ ያጥራል።

ዋጋ ግን አለው። በዚሁ ጥናት በአምስት ዓመት ውስጥ መካከለኛና ከዚያ በላይ ደረጃ ያለው የሽንት ችግር የገጠማቸው፣ አምስት ጊዜ ከታከሙት 26.9 በመቶ ሲሆኑ በረጅሙ ከታከሙት 18.3 በመቶ ነበሩ። ችግሩ የሚታከምበት ሥርዓት ባለበት አገር ይህ ልዩነት የሚቻል ነው። ሥርዓቱ በሌለበት፣ በማሽኑ የተቆጠበው ጊዜ በኋላ በታካሚው ላይ በሕመም ይከፈላል።

ዝምታውና የጠፋው ማኅደር

ለዚህ ሁሉ ዝምታ ይጨመርበታል። ሽንቱን መያዝ ያልቻለ ሰው ከሰው መካከል ይሸሻል። ቅዳሴ እስኪፈጸም መቆም፣ ከውዱእ በኋላ ሶላት እስኪጠናቀቅ ንጹሕ ሆኖ መቆየት ያስጨንቀዋል። የለቅሶ ድንኳን፣ የዕድር ስብሰባ፣ የሩቅ አገር ጉዞ ይቀሩበታል። ከትዳር ጋር የተያያዘውን ችግር ደግሞ ለሚስቱም፣ ለሐኪሙም አይናገርም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሁን እንጂ ቢናገርም ሰሚ የማያገኝ ሰው መደበቁ አያስወቅሰውም። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ቀድመው ካልጠየቁ በስተቀር ብዙው ወንድ አይናገርም።

ሱዳን ሌላ ገጽታ ታሳያለች። በሚያዝያ 2023 የፈነዳው ጦርነት በመጀመሪያ የካርቱምን የካንሰር ማዕከል አገልግሎት አቋረጠ። ብዙ ሕመምተኞች ሁለተኛው ዋና ማዕከል ወዳለበት ወደ ዋድ መዳኒ ሸሹ፤ በታኅሣሥ ወር ጦርነቱ ዋድ መዳኒም ደረሰ። ከዚያ ወደ ግብፅ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ደቡብ ሱዳንና ወደ ሌሎች ጎረቤት አገሮች የተሰደዱ ሰዎች መካከል ጨረር የጀመሩ፣ ያቋረጡ፣ የጨረሱም ይኖራሉ። አዲሱ ሐኪማቸው ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል መጠን፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል ላይ ጨረር እንዳገኙ ማወቅ ይፈልጋል። ሕመምተኛው መጠኑን በቃሉ ሊያውቅ አይችልም፤ ማኅደሩ በቀረበት ከተማ ቀርቷል።

የሱዳኑ በጦርነት የከፋ ይሁን እንጂ፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ የሚዛወር፣ ከአገር አገር የሚሰደድ፣ ሕንድ ታክሞ ሞቃዲሾ ወይም ጁባ የሚመለስ ሰው ሁሉ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ያለ ማኅደር የሚመረምረው ሐኪም በጨረር የተመታውን ሥጋ እንደ ጤነኛ ሥጋ ቆጥሮ ስለት ሊያነሣበት ይችላል።

በአነስተኛ ወጪ ሊጀመር የሚችል

መፍትሔው ሁሉ ሌላ ውድ ማሽን እስኪገዛ መጠበቅ የለበትም። የመጀመሪያው እርምጃ አንድ ወረቀት ነው። እያንዳንዱ የጨረር ማዕከል ሕክምናውን ለጨረሰ ሰው የሕክምናውን ማጠቃለያ በእጁ ሊሰጠው ይችላል። ወረቀቱ የካንሰሩን ዓይነት፣ የጨረሩን መጠንና ብዛት፣ የታከመውን የሰውነት ክፍል፣ ወደፊት ሊከሰቱ የሚችሉ ምልክቶችን፣ እንዲሁም ለማንኛውም ሐኪም «ከማማከርዎ በፊት ከደንዳኔው ናሙና አይቁረጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይይዛል። እናቶች የልጆቻቸውን የክትባት ካርድ በቤታቸው አክብረው እንደሚያስቀምጡት ሁሉ ይህም ሊቀመጥ የሚችል ነው።

ሁለተኛው፣ ካንሰሩን በሚከታተለው ሐኪምና በዩሮሎጂስቱ መካከል ቋሚ ቀጠሮ ያለው የጋራ ክሊኒክ ማቋቋም ነው። ይህ ክሊኒክ ለወንዶች ብቻ የሚሆን አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ የጨረር ማዕከላት ከሚታከሙት ብዙዎቹ የማኅፀን በር ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ናቸው፤ ጨረሩ ፊኛቸውንና ደንዳኔያቸውን የሚጎዳበትም መንገድ ያው ነው። የሚደማውን የደም ሥር የሚዘጋው መሣሪያ፣ መሣሪያውን የሚይዘው ባለሙያ፣ ሽንት ስለመያዝ ሳታፍር የምትጠይቀው ነርስ ሁለቱንም ታገለግላለች። ወጪው ለሁለት ሲካፈል ያለው ጥቅም ጎልቶ ይታያል።

ሦስተኛው ርቀትን የሚመለከት ነው። ካንሰሩ የተቆጣጠረለት ሰው በየጊዜው ወደ ዋና ከተማ እንዲመጣ ከማድረግ ይልቅ፣ በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል ፒኤስኤውን ተለክቶ፣ ጥቂት ጥያቄዎችን በስልክ መልሶ፣ ችግር የታየበት ብቻ ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል። የጤና መድን ተቋማትም ክትትሉንና የመዘዙን ሕክምና የካንሰሩ ሕክምና አካል አድርገው ሊቆጥሩት ይገባል።

አካባቢው ለዚህ ዓይነቱ እንክብካቤ የራሱ ምሳሌ አለው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልን ሲከፍቱ፣ በጉዳታቸው ከሰው ተለይተው የሚኖሩ ሴቶች ብዙም አይነገርላቸውም ነበር። ሆስፒታሉ ቀዶ ጥገናን ከማስታመም፣ ከማሠልጠንና ወደ ማኅበረሰቡ ከመመለስ ጋር አያይዞ የሚሰጥ ተቋም ሆነ። ሽንቱን መያዝ ያቃተው ሰው መታከም ብቻ ሳይሆን ክብሩ ሊመለስለት እንደሚገባ ያሳየው ሥራ የተከናወነው እዚሁ ነው።

በመጪዎቹ ዓመታት በምሥራቅ አፍሪካ ተጨማሪ የጨረር ማሽኖች ይመረቃሉ። ሪባን ይቆረጣል፣ ሚኒስትሮች ንግግር ያደርጋሉ፣ ይህም ይገባል፤ ያለ ማሽኑ የሚሞተው ሰው ብዙ ነው። የእያንዳንዱ ማሽን ዕቅድ ግን ሕክምናውን ጨርሶ የሚሄደው ሰው ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመለስበትን በር ማካተት ይኖርበታል። ያ በር አንድ ሲስቶስኮፕ፣ አንድ ኢንዶስኮፕ፣ ሁለት የተግባቡ ሐኪሞች፣ የምትጠይቅ ነርስና በታካሚው እጅ ያለ ወረቀት ነው። ካንሰሩን ያሸነፈ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ከመጸዳጃ ቤት ሳይርቅ ከኖረ፣ ሕክምናው ተጠናቋል ለማለት ያስቸግራል።